"ዋጋው ኢንቦክስ" ከዚህ በኋላ አይሸጥም፦ ሀዋሳ ላይ መኪና የሚሸጥ ሰው ምን ይዞ ይቆይ?

አጎቴ ሀዋሳ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለው። ለዓመታት ያጠራቀማት ብር ነበረችና አንድ ቀን "አንተ ልጅ፣ ስልኩን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ለመኪና አብረን እንዙር" አለኝ። ሦስት ቀን ዞርን። መኪና መሸጫዎች ገባን፣ ደላሎች አነጋገርን፣ ማታ ማታ ደግሞ ቴሌግራምና ቲክቶክ ስናስስ አመሸን።

የአጎቴ ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ዋጋው ስንት ነው? አንዴ ቻርጅ ተደርጎ በእኛ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ቢበላሽ እዚሁ ሀዋሳ ማን ይሠራዋል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ "ፋዘር፣ እሱን በስልክ እንነጋገራለን" ተባለ። ለሁለተኛው "በጣም ይሄዳል፣ አያስቡ" ተባለ። ሦስተኛውን ሲጠይቅ ሻጩ ሳቀ። "ኤሌክትሪክ እኮ ነው ፋዘር፣ ምኑ ይበላሻል?"

አጎቴ ምንም አልመለሰም። ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ገዝቶ መጣ። ያ ሀዋሳ ያለው ሻጭ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ መልስ ስላልነበረው ብቻ ገዢውን 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሰው አሳልፎ ሰጠ።

ይሄ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የመኪና ንግድ በሀገራችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ተቀይሯል። ሀዋሳ ላይ መኪና የሚሸጡ ሰዎች፣ ከነሱ ጋር የሚሠሩ ደላሎች፣ መካኒኮችና የእኛ ዕድሜ ልጆች እንጀራቸው የሚወሰነው ከዚህ ለውጥ ጋር በሚሄዱበት ፍጥነት ነው። ገዢው ደግሞ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ነው ይዞ የሚመጣው። ስለዚህ ምን እንደተቀየረና ሻጩ ምን ማድረግ እንደሚችል በቅደም ተከተል እንየው።

ምን ተቀየረ?

ቀስ በቀስ ነው የመጣው። አምስት ነገሮችን ብቻ ያዙልኝ።

አንደኛ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት በጣም ውድ አደረገው። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ከዱባይ አሮጌ ቪትዝና ያሪስ አምጥቶ መሸጥ የሚባለው ሥራ ያኔ ነው መታመም የጀመረው።

ሁለተኛ፣ በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። በከፊል ተገጣጥሞ የሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ።

ሦስተኛ፣ በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው የተከለከሉ 38 ዓይነት ዕቃዎች ዝርዝር ሲወጣ አውቶሞቢልም ውስጡ ነበረበት።

አራተኛ፣ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ ይፋ አደረጉ። እንዲህ ዓይነት እርምጃ በመውሰድ ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ ተባለች።

አምስተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጁም ዝም አላለም፤ በታህሳስ 2017 መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል።

እነዚህ አምስቱ ተደምረው ነው ዛሬ የምናየውን ገበያ የፈጠሩት። ቢ ዋይ ዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ቶዮታ ቢዜድ 4 ኤክስ... ከጥቂት ዓመት በፊት ስማቸውን የማናውቃቸው መኪኖች አሁን መንገዱን ይዘውታል።

ድሮ መኪና ራሱን ይሸጥ ነበር

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ለረጅም ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና እንደ መሬት ነበር። ቪትዝ ገዝተህ ሁለት ዓመት ነድተህ ከገዛህበት በላይ ትሸጠዋለህ። በሌላው ዓለም መኪና ከሾውሩም እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ጋ ግን ይወጣ ነበር። ምክንያቱም ዶላር የለም፣ ቀረጡ ከባድ ነው፣ የሚገባው መኪና ከፈላጊው ያንሳል።

እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ሻጭ መሸጥ አያስፈልገውም። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ መጠበቅ በቂ ነው። ባይሸጥ እንኳ በወሩ ዋጋው ይጨምራል። ዋጋ መደበቅም ያዋጣል፤ የገዢውን አለባበስ፣ አነጋገሩን፣ አብሮት የመጣውን ሰው አይቶ ነው ዋጋ የሚነገረው። ሻጩ ሦስት ሀብት ነበረው፦ መኪናው፣ መረጃውና የሚያውቃቸው ሰዎች።

አሁን ሦስቱም እየተሸረሸሩ ነው። መረጃው ስልካችን ላይ ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ቡና እየጠጣ የአዲስ አበባን ዋጋ በቴሌግራም ቻናሎች፣ በጂጂ ወይም በመኪና ዶት ኔት የሚያወዳድር ልጅ "በስልክ እንነጋገር" ሲባል ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። የሰው ትውውቅ ድሮ የነበረው ዋጋ የለውም።

መኪናውስ? ኤሌክትሪክ መኪና ከቪትዝ ይልቅ ከስልክ ጋር ይመሳሰላል። በየዓመቱ የተሻለ ባትሪ ያለው ሞዴል ይወጣል፣ ቻይና ውስጥ አምራቾቹ ዋጋ እየቀነሱ ይፎካከራሉ፣ ያምናው ሞዴል ዘንድሮ ያረጃል። ስምንት ወር ግቢ ውስጥ የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና እንደ ድሮው ቪትዝ አያተርፍም። በሌላ በኩል ደግሞ ብር ሲወርድ፣ ሻጩ በሸጠበት ብር ያንኑ መኪና መልሶ ማስገባት ላይችል ይችላል። አቁሞ መጠበቅም ያከስራል፣ ሳያሰሉ መሸጥም ያከስራል። በቃ፣ አቁሞ በመጠበቅ ማትረፍ የሚባለው ዘመን አልፏል። ከዚህ በኋላ ትርፉ ቶሎ በመሸጥና ከሸጡ በኋላ በሚሰጥ አገልግሎት ላይ ነው።

ታዲያ ሻጩ ምን ያድርግ? በአጎቴ ሦስት ጥያቄዎች እንሂድ።

ጥያቄ 1፦ ዋጋው ስንት ነው?

"ዋጋ ኢንቦክስ" የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻጮች ምክንያት አላቸው። የምንዛሪው ዋጋ ይለዋወጣል፣ ተፎካካሪ ያያል፣ ደላላው የራሱን ጨምሮ ይናገራል። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ዋጋ ማሳየት የሻጩ ቸርነት አይደለም።

ለንግዱም ይጠቅማል። ምንዛሪ ቢለዋወጥ መፍትሔው ዋጋን ከነቀኑ መጻፍ ነው፦ "ይህ ዋጋ እስከ ፊታችን አርብ ይጸናል"። ከዚያ ደግሞ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት መዘርዘር። ሊብሬና ሰሌዳ አለቀለት? ስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል? የቤት ቻርጀር አለው? ኢንሹራንስስ? ብዙ ጸብ የሚነሳው ከዋናው ዋጋ ይልቅ በኋላ ብቅ ከሚሉት ከነዚህ ትንንሽ ክፍያዎች ነው።

በዓለም ላይ ይሄን እስከ ጥግ የወሰደው ቴስላ ነው። በራሱ መደብሮችና በድረ ገጹ ነው የሚሸጠው፤ የተለጠፈው ዋጋ ለሁሉም አንድ ነው፣ ድርድር የለም። ሀዋሳ ላይ ድርድርን ማጥፋት አይቻልም፤ አጎቴም ሳይከራከር ገዛሁ ቢል እትዬ አታምነውም። መነሻውን ግን ሁሉም ሰው እኩል ማየት ይችላል።

ደላላውስ? አንዳንዱ "ከደላላ ነጻ" እያለ ይለጥፋል። እውነቱን እንነጋገር፤ ደላላ ባይኖር የሀዋሳ መኪና ከሀዋሳ ባልወጣ ነበር። ከዲላ፣ ከይርጋለም፣ ከሶዶ ገዢ የሚያመጣው እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ድርሻው ሲደበቅ ነው። በተለምዶ ኮሚሽኑ የሽያጩ 2 በመቶ ነው ይባላል፤ ዋጋ ላይ በስውር ሲጨመር ግን ገዢው ስንት እንደከፈለ አያውቅም። መሸጫው አብረውት የሚሠሩትን ደላሎች ስም መዝግቦ፣ ኮሚሽኑን ራሱ ከፍሎ፣ ዋጋውን ለሁሉም አንድ ቢያደርግ ደላላው የሽያጭ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ያኔ እንጀራው ሳይቋረጥ ገዢውም ያምነዋል።

ጥያቄ 2፦ በእኛ መንገድ ስንት ይሄዳል?

የመኪና ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሙዚቃ፣ በሩ ሲከፈት፣ የውስጥ መብራቱ ቀለም ሲቀያይር፣ ጣሪያው ሲከፈት። ያምራል። ግን በመብራት ቀለም ብቻ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ሰው የለም።

ገዢው የሚፈልገው ይሄን ነው። ቢ ዋይ ዲ ሲጋልን እንውሰድ። ትንሹ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ትልቁ ወደ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው 305፣ ሁለተኛው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ "ትንሹም በአንድ ቻርጅ ያደርሰኛል" ልትሉ ትችላላችሁ።

ቆይ! ያ ቁጥር ሲ ኤል ቲ ሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው። መለኪያው ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ያደላል፤ በተግባር የሚገኘው ያንሳል። ደግሞ ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የምትሄዱት። የፍጥነት መንገዱ ላይ ከ100 በላይ ስትነዱ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ኤሲ ሲከፈት ይጨምራል፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ሲሆን የበለጠ። ሲመለሱ ቁልቁለት ስለሆነ ይሻላል።

ስለዚህ የሀዋሳ ሻጭ በነጻ ማለት በሚቻል ወጪ ሊሠራው የሚችለው ምርጥ ማስታወቂያ ይሄ ነው፦ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቁሞ ከሀዋሳ ሻሸመኔ፣ ከሀዋሳ ዲላ፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ መንዳት። ሲነሳ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ነበር፣ ሲደርስ ስንት ቀረ፣ ስንት ሰው ተጭኖ ነበር። ያለ ሙዚቃ። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ ይሄን ቪዲዮ አይሠራላችሁም፤ የሀዋሳው ሰው የሚበልጥበት ቦታ እዚህ ነው።

ስለ ወጪም በቁጥር ይነገር። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሊትር የሚበላ የቤንዚን መኪና፣ ሊትሩ በ101 ብር ከ47 ሳንቲም እንኳ ቢታሰብ 710 ብር ይፈጃል። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። የቤታችሁን የመብራት ደረሰኝ አውጡና በራሳችሁ ታሪፍ አባዙት። ልዩነቱን አንድ ሻጭ ከሚነግራችሁ በላይ ታምኑታላችሁ። ብልህ ሻጭ ይሄን ስሌት ገዢው ፊት በስልኩ ካልኩሌተር ይሠራዋል።

ሌላው ነገር ወቅትና ቋንቋ ነው። የሀዋሳ ገበያ ሀዋሳ ብቻ አይደለም። ሲዳማ የቡና አገር ነው፤ ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ገንዘብ ወደ ከተማ ይመጣል። ያ ሰው ከቤት መኪናነት በላይ የጠጠር መንገድ የሚችል፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ነው የሚፈልገው። በሲዳምኛ ቢነገረው ደግሞ የበለጠ ይሰማል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በአማርኛ ብቻ መልቀቅ ገበያውን ግማሹን መተው ነው።

አንዳንዴ ሐቀኛ መልስ "ይሄ መኪና ለእርስዎ አይሆንም" ማለት ነው። በየቀኑ ሩቅ የገጠር መንገድ ለሚመላለስ፣ መንገዱ ላይ ቻርጀር ለሌለው ሰው ትንሽ ባትሪ ያለው መኪና መሸጥ ዛሬ ኮሚሽን፣ ነገ ስድብ ነው። ሀዋሳ ደግሞ ወሬ ለመዞር ትንሽ ከተማ ናት።

ጥያቄ 3፦ ቢበላሽ ማን ይሠራዋል?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

"ኤሌክትሪክ አይበላሽም" ውሸት ነው። እርግጥ ዘይት መቀየር የለም፣ ማርሽ የለም፣ የሚያልቁ ዕቃዎች ያንሳሉ። ግን ጎማ አለ፣ ፍሬን አለ፣ ሰስፔንሽን አለ፤ ከሁሉም በላይ ባትሪና ሶፍትዌር አለ።

እዚህ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። አይዲ 6 ለምሳሌ ጭራሽ ለቻይና ብቻ ነው የተመረተው። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ ማፑ ቻይና ነው፣ የቻርጅ ሶኬቱ ጂ ቢ ቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው። ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲ ሲ ኤስ 2 የሚባል ሌላ ሶኬት ነው ያላቸው፤ አንዱ ያንዱ ላይ አይገባም። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ግን ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በተሸጠበት አገር ነው የሚሠራው። በግለሰብ አስመጪ የገባ መኪና ላይ "የ8 ዓመት ዋስትና አለው" ሲባል ማን ነው የሚሰጠው ብላችሁ ጠይቁ።

አጎቴ የገዛው መኪና ስክሪኑ ቻይንኛ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ኤሲ ለመክፈት እኔን ይጠራኝ ነበር። ቻርጀሩን ለማስገጠም ሰው ስናፈላልግ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ የቤቱ መስመር ቀጭን ነው፣ አይችልም ተባለ። ይሄን ሁሉ ሳይገዛ በፊት ሊነግረው ይገባ የነበረው ሻጩ ነበር።

ሀዋሳ ያለ መሸጫ ይሄን ክፍተት ቢሞላው ማን ይበልጠዋል? ምን ማድረግ እንደሚችል ልዘርዝር።

ቤት ማየት። ከሽያጩ በፊት ኤሌክትሪሺያን ልኮ የገዢውን ቆጣሪና ሽቦ ማሳየት። በተራ ሶኬት በ2 ኪሎ ዋት ገደማ ቻርጅ ቢደረግ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት 15 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 7 ኪሎ ዋት የግድግዳ ቻርጀር ከተገጠመ ግን አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ውስጥ ከአከራይ ጋር ስለ ሂሳብ ሳትስማሙ መኪና መግዛት ጸብ መግዛት ነው።

ቻርጀር መትከል። መሸጫው በር ላይ አንድ ቻርጀር ቢኖር ገዢው ይሞክራል፣ የገዛው ሰው ይመለሳል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳም ይቆማል። መኪና የሚሸጥበት ቦታ ሰው ደጋግሞ የሚመጣበት ቦታ ይሆናል።

ባትሪ መለካት። ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይበቃም። የባትሪው ጤና ስንት ፐርሰንት እንደቀረ በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል። ያንን አትሞ ከመኪናው ጋር የሚሰጥ ሻጭ ቀዳሚ ይሆናል። ድሮ ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን የሚያይ መካኒክ ይዘን እንደምንሄደው፣ አሁን የባትሪ ሪፖርት ይዘን ነው የምንሄደው።

መካኒክ ማሠልጠን። የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚ ነው፤ ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ወደ 400 ቮልት ገደማ። ሳይሠለጥን የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ጎበዝ የቪትዝ መካኒክ መሆን ለዚህ አይበቃም። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ ከተማው ውስጥ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ የሚወጡ ልጆች ሥራ ፍለጋ ይዞራሉ። መሸጫዎች ተሰባስበው አምስት ስድስት ልጆች ቢያሠለጥኑ ከተማዋ አዲስ ሙያ አገኘች ማለት ነው። እንደ ሞኤንኮ ያሉ የቆዩ ወኪሎች ስማቸው የጸናው መኪና ስለሸጡ ብቻ አልነበረም፤ ጋራዥና መለዋወጫ ስለነበራቸው ነው።

ቴክኖሎጂ ሲባል ውድ ነገር አይምሰላችሁ

"ዲጂታል መሆን" ሲባል ብዙ ነጋዴ የሚያስበው ድረ ገጽ ማሠራት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር አለ።

ማን ደወለ፣ ምን ጠየቀ፣ ስንት አለው፣ መቼ ነው የሚገዛው? ይሄ አብዛኛው መሸጫ ውስጥ በሻጩ ጭንቅላት ወይም በተቀዳደደ ደብተር ነው ያለው። ሻጩ ሥራ ሲለቅ ደንበኛውም አብሮት ይሄዳል። ስልክ ላይ በነጻ በሚሠራ አንድ ሰንጠረዥ መመዝገብ ይቻላል። አጎቴ ለሦስት መሸጫ ስልኩን ሰጥቶ ነበር፤ አንዱም መልሶ አልደወለም! (የሰው ስልክ ስትይዙ ግን ለሌላ አትስጡ፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ።)

ሌላው ፍጥነት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለተላከ ጥያቄ በማግስቱ ከሰዓት የሚመልስ ገጽ ገዢ የለውም። አንድ ልጅ ለዚህ ብቻ መድቡ። ደጋግመው ለሚመጡ አሥር ጥያቄዎች መልስ አዘጋጅታችሁ ቻናሉ ላይ ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ።

ክፍያ ላይም ጥንቃቄ አለ። ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈል ማስረጃ ይኖራል፤ ይሄ ለሁለቱም ጥሩ ነው። ግን ሻጮች ሆይ፣ "ላክሁ" ብሎ የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ እዩ። ገዢዎችም፣ ገና መርከብ ላይ ላለ መኪና ሙሉ ብር አትክፈሉ። "ቅድሚያ ክፈሉ፣ በሦስት ወር ይደርሳል" ተብለው ዓመት የጠበቁ ሰዎች አሉ። የማስረከቢያ ቀን፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ምንዛሪ ቢጨምር ማን እንደሚሸከም በውል ይጻፍ።

ብድርስ? ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በ2017 ደግሞ ወደ 18 ከፍ አድርጎት ነበር። ባንክ እንደልብ በማያበድርበት ጊዜ ሰዉ የሚገዛው በቁጠባ፣ በእቁብና በቤተሰብ ነው። የእቁብ ዳኛን የሚያውቅ፣ እቁብ የሚወጣበትን ሳምንት የሚያውቅ ሻጭ ከየትኛውም ሶፍትዌር የተሻለ መረጃ አለው። ድሮ የነበረን ነገር ነው፤ አሁን መዝግቦ መያዝ ብቻ ነው የቀረው።

ልትገዙ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ

ይሄን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙት።

1. ዋጋው ስንት ነው፣ እስከ መቼ ይጸናል፣ ሊብሬ፣ ሰሌዳና ቻርጀር ያካትታል?
2. የባትሪው መጠን ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው? ያገለገለ ከሆነ የባትሪ ጤናው ሪፖርት የታለ?
3. የቻርጅ ሶኬቱ ጂ ቢ ቲ ነው ወይስ ሲ ሲ ኤስ 2?
4. ስክሪኑ እንግሊዝኛ ይሆናል? አሁን ፊቴ ላይ ቀይሩልኝ።
5. ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው? በጽሑፍ አለ?
6. ሀዋሳ ውስጥ የሚሠራው ጋራዥ የቱ ነው? ስልኩን ስጡኝ፣ ልደውልለት።
7. ሻሸመኔ ደርሼ ልመለስና ባትሪው ስንት እንደወረደ ልይ?

ሰባተኛውን እሺ የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሻጮችስ? እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ገዢው ሳይጠይቃችሁ በፊት መልሳችሁ ገጻችሁ ላይ ብትለጥፉ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋችሁም።

አጎቴ ባለፈው ሰሞን ጎረቤቱን ይዞ መጣ። ጎረቤቱም መኪና ሊገዛ ነው። "አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ድረስ አታንከራትተን፤ እዚሁ የሚመልስልን ሰው ፈልግ" አለኝ። እየፈለግኩ ነው። ሀዋሳ ላይ መኪና የምትሸጡ ካላችሁ አጎቴ ጥያቄዎቹን አልረሳም፤ አሁንም ሦስት ናቸው።